የግራ እጅ ትንሿ ጣት

ሚዛን የሚለውን ስም ያወጡላት የሳሎኑ ሰዎች ናቸው። እናቷ ያወጣችላት ሌላ ስም አላት፤ እሱን ግን ከመታወቂያዋ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ጥፍር ላይ ጄል የሚባለውን ቀለም ስትቀባ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ብሩሿ ቆዳው ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ይመለሳል፤ ግራው ከቀኙ እኩል ነው። ደንበኛዋ ብታዛጋ፣ ብታስነጥስ፣ በስልክ ከባሏ ጋር ብትጨቃጨቅ እንኳ የሷ መስመር ዝንፍ አይልም። ለዚህ ነው ሚዛን ያሏት።

ጥድፌ ደግሞ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነበረች። ሙያ ልትማር ሚዛን ሥር የገባች ልጅ ናት፤ እሷም ስሙ በዋዛ አልተሰጣትም። እግሯ ከበር ሳይገባ ወሬዋ ወንበር ይዞ ይቀመጣል። የጄል ሥርዓቱ አንድ ነው፦ ስስ አድርጎ መቀባት፣ እጁን መብራቱ ውስጥ አስገብቶ ማድረቅ፣ እንደገና ስስ አድርጎ መቀባት፣ እንደገና ማድረቅ። ለጥድፌ ይሄ ምልልስ አይዋጥላትም። "ሁለቱን ስስ አንድ ወፍራም አድርጌ ልገላገል" ትልና በአንዴ ትደፋዋለች። ቀለሙ መሃሉ ላይ ጉብ ይላል፣ በጎንና በጎኑ ፈስሶ ቆዳው ላይ ይተኛል። ሚዛን ታስፍቃትና "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ትላታለች። ልጅቱ መልስ አታጣም፤ "ከለቀምኩት ምን ቸገረሽ፣ ዋናው አለመጥፋቱ ነው" ትላለች። ሚዛን ፊቷን አዙራ ትስቃለች። ተለማማጇ ብቻ አልነበረችም፤ እንደ ታናሽ እህቷ ነበር የምትወዳት።

አንድ እሑድ፣ ሳሎኑ ዝግ በሆነበት ቀን፣ ጥድፌ ቁልፍ ለምና እናቷን ይዛ መጣች። እናት ልብስ ሰፊ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ጣቷ መርፌና መቀስ እንጂ ቀለም አያውቅም። "በዚህ ዕድሜዬ ሙሽራ ልታደርጊኝ ነው? ሰው ምን ይለኛል?" እያለች፣ ልጇ አሥሩንም ጥፍሯን ጠቆር ባለ የወይን ጠጅ ቀለም ቀባቻት። ጥድፌ ያን ቀን በወጉ ለመሥራት የቻለችውን ያህል ሞከረች። የግራ እጅ ትንሿ ጣት ላይ ስትደርስ ግን ትዕግሥቷ አለቀ። ደፋችው። ጉብ አለ፣ በጎን ፈሰሰ፣ ልታሳምረው ብላ ከላዩ ያኖረቻት ነጭ ነጥብም ከመሃል ፈቀቅ ብላ ቀረች።

"ይቺስ ጠማማ ናት" አለች እናት።

"እሷማ ፊርማዬ ናት፣ እማ" አለች ልጅ።

በማግሥቱ ጥድፌ መንገድ ስትሻገር መኪና ገጫት። ሆስፒታል እንኳ አልደረሰችም። እንዲህ ያለውን ነገር ማስጌጥ ነውር ነው። ሞተች፣ ተቀበረች፣ አበቃ። ዕድሜዋ ገና ነበር።

እናት ሳሎኑ የመጣችው ጥፍሯ አድጎ፣ በቀለሙና በሥሩ መሃል ባዶ ጥፍር ብቅ ካለ በኋላ ነው። ጥቁር ለብሳ፣ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ነበር የገባችው። ሚዛን ተነሥታ አቀፈቻት። ሚዛን ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና ጥጥ፣ አሴቶንና ፎይል ታዘጋጅ ጀመር። እናት ዕቃዎቹን አየችና እጇን ከጠረጴዛው ላይ ሳብ አደረገች።

"ምን ልታደርጊ ነው፣ ልጄ?"

"ላስለቅቅልዎት ነው፣ እትዬ። አድጓል፤ እንዲህ ሆኖ ሲቆይ ከሥሩ ይነሣል፣ ውሃም ይገባበታል።"

"እሷ የሠራችውን?"

ሚዛን ጥጡን መልሳ አስቀመጠች።

"ቤቱን ስፈትሽ ከረምኩ" አለች እናት። "ልብሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ። አልጋዋን የገዛሁት እኔ ነኝ። ጫማዋን አክስቷ ነች የሰጠቻት። በገዛ እጇ ሠርታ ትታልኝ የሄደችው ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው። ምን ጊዜ ነበራትና ሌላ ትሥራ?"

ሚዛን አሴቶኑን ከደነችው።

"እንግዲያው ይስሙኝ፣ እትዬ። ጥፍር አይቆምም። ከሥሩ እየገፋ ይመጣል፣ ጫፉ እየተቆረጠ ይሄዳል። በየሦስት ሳምንቱ ቢመጡልኝ፣ ከሥር ባዶ የሆነውን እኔ እየሞላሁ የሷን ሳልነካ አቆየዋለሁ። ግን ወደ ጫፍ መሄዱ አይቀርም። አንድ ቀን ያልቃል።"

"የወደቀውን ሰብስቢ እንዳትዪኝ ብቻ። ተቆርጦ የወደቀ ጥፍር ምን ያደርግልኛል? እጄ ላይ ሲሆን ነው እጄን የያዘችኝ የሚመስለኝ።"

"እጅዎት ላይ ነው የማቆየው።"

"እስኪያልቅ ድረስ?"

"እስኪያልቅ ድረስ" አለች ሚዛን። ቃል ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፤ ሰው ሳያስበው ከአፉ ይወጣና ኋላ አንገቱን ይይዘዋል።

እናት በየሦስት ሳምንቱ ትመጣ ጀመር። ሌላ ደንበኛ ስትሞላ ሚዛን አሮጌውንና አዲሱን ጄል በሞረድ አስተካክላ ድንበሩን ታጠፋዋለች፤ የሞያው ወግ ነው። ለዚህች ሴት ግን ድንበሩን ተወችላት። እናት መነጽሯን አድርጋ እያንዳንዱን ጣቷን ታያለች። "ይሄ ያንቺ፣ ይሄ የሷ" ትላለች። የሷ የሚባለው በየጊዜው እያጠረ ሄደ። መጀመሪያ የመሃል ጣቶቿ ጨረሱ፤ ቶሎ የሚያድጉ እነሱ ናቸው። ከዚያ ሌባ ጣቶቿ፣ ከዚያ የቀለበት ጣቶቿ። አንዱ ባለቀ ቁጥር እናት ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታደርግና "ይሁን፣ ሂጂ" ትላለች። ሚዛን ቀና ብላ አታያትም። አውራ ጣቶቹም አለቁ። የቀኝ እጅ ትንሿም አለቀች። በመጨረሻ የቀረችው ያቺ ጠማማዋ፣ የግራ እጅ ትንሿ ጣት ናት፤ እሷም ጫፏ ላይ ነጭ ነጥቧን የተሸከመች የጥፍር ቁራጭ ያህል ብቻ።

ያ ቀን የመጣው ሳይታሰብ ነው። አጠገባቸው የሳሎኑ ወሬኛ ፀጉር ሠሪ አንዲት ደንበኛ ይዛ ነበር። ደንበኛዋ የአንዲት ተዋናይትን ፎቶ ከስልኳ አውጥታ "ልክ እንደሷ አድርጊኝ" አለቻት። ፀጉር ሠሪዋ ፎቶውን አየች፣ ሴትየዋን አየች፣ ፎቶውን ደግማ አየች። "ፀጉሩን ለኔ ተዪልኝ፣ እህቴ፤ ለተቀረው ግን የፈጠረሽን አነጋግሪ" አለች። መጀመሪያ ራሷ ደንበኛዋ ሳቀች። ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ከዚያ የጥድፌ እናት።

ልጇ ከሞተች ወዲህ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው። ሳቋ ዝጎ እንደቆየ በር እየተንቋረረ ወጣ። ፊቷን ወደ ፀጉር ሠሪዋ አዙራ፣ በቀኝ እጇ አፏን ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች። ሚዛን በደስታ ቀና አለች። የመሞረጃ ማሽኗ እጇ ላይ ነበር፤ አዲሱን ጄል እያሳሳች ነበር። ለዐይን ጥቅሻ ያህል ነው ቀና ያለችው። የትንሿ ጣት ቁራጭ ከሥሩ ተነሥቶ ኖሮ፣ ማሽኑ ሲነካው ብን ብሎ ሄደ።

ሚዛን ክው አለች። ጠረጴዛውን አየች፣ ጉልበቷን አየች፣ ወለሉን አየች። ወለሉ ፀጉርና የጥፍር ብናኝ ነው። እናት አሁንም እየሳቀች ናት፤ ከዐይኗ የሚወርደው እንባ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅ እንባ ነው። እንግዲህ ሰው ሆኖ፣ አንጀት እያለው፣ "ሳቅዎን ያቁሙ፣ ልጅዎት አሁን ሄደች" የሚል ካለ ይምጣና ይናገር። ሚዛን አልቻለችም። የወይን ጠጁን ቀለም ከፈተች፣ በአንዴ ደፋችው፣ ጉብ አደረገችው፣ በጎን እንዲፈስ ተወችው፣ ነጭ ነጥቧንም ከመሃል ፈቀቅ አድርጋ አኖረች። በዕድሜዋ አስባበት መጥፎ ጥፍር ስትሠራ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። ስታስፍቃት የኖረችውን የልጅቱን ስህተት እጇ ለካ በቃሉ ይዞት ኖሯል።

እናት እንባዋን እየጠረገች ዞረች። ጣቷን አየች።

"አለችልኝ?"

"አለች፣ እትዬ" አለች ሚዛን።

ሲመሽ ወለሉን ራሷ ጠረገች። ብናኙን ከፀጉሩ እየለየች፣ ተንበርክካ ፈለገች። የለም። ጠርጋ ሰበሰበችውና በጓሮ በኩል ካለው በርሜል ደፋችው። ሰው የሚዋሸው ሁልጊዜ ለጥቅሙ አይደለም፤ አንዳንዴ አንጀቱ አልችል ስለሚለው ነው። ውሸቱ ግን ያው ውሸት ነው፤ አንጀት ተብሎ የሚቀነስለት የለም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እነግራታለሁ ብላ ነበር። እናት በሩን ስትገባ "ትናንት ማታ ሆዴ ሲባባ ይቺን ጣቴን ይዤ ተኛሁ" አለቻት። በዚህ ላይ ምን ተብሎ ይነገራል? ሚዛን ያደገውን የራሷን የውሸት ቁራጭ አነሣችና ጫፉ ላይ እንደገና ሠርታ አኖረችው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ወር ወርን እየወለደ ሄደ። የጥድፌ ፊርማ ከጥፍሩ ጫፍ ንቅንቅ አላለም።

"ይቺ ጣቴ ማደግ አቁማለች" አለች እናት አንድ ቀን። "ሐዘን ጥፍርም ያቆማል እንዴ፣ ልጄ?"

"ይሆናል፣ እትዬ።"

የሳሎኑ ባለቤት ማዳም ዐይነ ስውር አይደለችም። ሚዛንን ወደ ጓዳ ጠርታ በሩን ዘጋች።

"ከኔ ቤት እንዲህ ያለ ጥፍር ይወጣል? ያውም ካንቺ እጅ? ጥፍር ስድስት ወር ሙሉ ቆሞ የሚጠብቀው ምን ሊያገኝ ነው? ሴትየዋ ዛሬ ባታውቅ ነገ ታውቃለች። ንገሪያት።"

"ምን ብዬ?"

"እውነቱን ነዋ፣ ሌላ ምን አለ?"

"እንግዲያው እርስዎ ይንገሩልኝ።"

ማዳም "እኔ ምን ቤት ነኝ ብለሽ ነው?" አለችና ፎጣ ልትቆጥር ሄደች። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሣችውም።

እውነቱን ለመናገር ደግሞ ይሄን የምታደርገው ለእናት ብቻ አልነበረም። ሚዛን ያቺን ጣት ስትሠራ የምታገኛት አንዲት ደቂቃ ነበረች። ቀለሙን በአንዴ ስትደፋው፣ ጉብ ሲል፣ በጎን ሲፈስ፣ ልጅቱ አጠገቧ ቆማ "አየሽ? ይኸው አንድ ወፍራም፣ ተገላገልሽ" የምትላት ይመስላታል። ናፍቃታለች። ሳሎኑ ውስጥ ስለ ጥድፌ የሚያወራ ከጠፋ ቆይቷል፤ ወንበሯ ላይ ሌላ ተቀምጣለች። ሚዛን ልጅቱን የምታገኛት እዚያች ጣት ላይ ነው። ስለዚህ እናት ስትመጣ ከእናት እኩል ትጠብቃት ነበር።

አንድ ነገር ግን ታውቃለች። ጠቆር ያለ ቀለም ወፍራም ሆኖ ሲቀባ መብራቱ ከላዩ እንጂ ከውስጡ አያደርቀውም። ጥሬ የሆነ ጄል ደግሞ ቆዳ መንካት የለበትም፤ እየደጋገመ ከነካ ሰውነት ይቆጣል። ይሄንን ተለማማጅ በገባ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን የምታስተምረው እሷ ራሷ ናት። ግን የፈሰሰውን ከጎን ብትጠርገው የጥድፌ አይመስልም። አንድ ጣት ናት፣ ምን ይመጣል አለች። ተሳሳተች። በሽታ አንድ ጣት ነው ብሎ የሚተወው ነገር የለም።

በዚያ መሃል አንዲት አዲስ ደንበኛ ከጎን ተቀምጣ የእናትን እጅ አየችና "ዘጠኙ እንዲህ አምሮ አሥረኛዋን ማን አበላሻት?" አለች።

"የልጄ እጅ ናት" አለች እናት በኩራት። "እኔ ከመቶ ሰው ስፌት መሃል የራሴን ለይቼ አወጣለሁ። የሰው እጅ አይጠፋኝም። ይቺንማ በጨለማ ቢሰጡኝ በዳበሳ አውቃታለሁ።"

ሚዛን ብሩሿን ለመጀመሪያ ጊዜ ጣለችው።

ማሳከኩ መጀመሪያ ቀላል ነበር። እናት የጨርቅ አቧራ ነው ብላ ተወችው። ከዚያ የጣቶቿ ጫፍ ቀላ፣ ተላጠ፣ ተሰነጠቀ። መርፌ መያዝ አቃታት። ዐይኗን ባሸችበት የዐይኗ ቆብ አበጠ። አንድ ጠዋት ተራዋ ሳይደርስ፣ ጣቶቿን በፋሻ ጠቅልላ መጣች። ሚዛን ገና ስታያት ሁሉንም አወቀች።

"ሐኪሙ ጄሉ ነው አለኝ" አለች እናት እየተቀመጠች። "ሰውነቴ ጠልቶታል። ዛሬውኑ በሙሉ ይነሣ፣ ሁለተኛ እስከ ዕድሜሽ ፍጻሜ እንዳትነኪው አለኝ። አንድ ጊዜ ከጀመረ አይለቅም አሉ። ጥርስሽን እንኳ ስታስሞዪ ንገሪያቸው አለኝ፣ የጥርስ መሙያውም የጄሉ ዘመድ ነው መሰል።"

ሚዛን ጓንት አጠለቀች። ፋሻውን ቀስ ብላ ፈታች። ከሁሉ የባሰችው የግራ እጅ ትንሿ ጣት ናት።

"ማን ነው እንዲህ አድርጎ የቀባሽ፣ ጀማሪ ናት እንዴ አለኝ። ቆዳሽን ባትነካው ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ አለኝ። ልጄ ናት አልኩት። ምን ልበለው? አስቸኩያት ነበር እኮ። ያን ቀን የምሰፋው ልብስ ነበረኝና ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ አልኳት። ባላስቸኩላት አስተካክላ ትሠራው ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ሚዛን ጥጡን አሴቶን ውስጥ ነከረች።

"ደግሞም አልከፋኝም" አለች እናት፣ ፈገግ ብላ። "ጥፍሩማ ማለቁ አይቀርም ብለሽኝ ነበር። ይሄ ግን አይለቅም። ዕድሜ ልኬን የሚቆይ ነገር ትታልኝ ሄደች።"

ሚዛን ጥጡን በየጣቱ አደረገች፣ በፎይል ጠቀለለች፣ ጠበቀች፣ የለሰለሰውን በእንጨት እየገፋች አነሣች። ዘጠኙ ጥፍር ራቁቱን ቀረ፤ የገረጣ፣ የሳሳ። አሥረኛዋ ጋ ስትደርስ እናት እጇን ያዘቻት።

"እሷን አታሟሚያት። በሙሉዋ አንሺልኝ። ተቆርጦ የወደቀ አልፈልግም ብዬሽ ነበር፤ እሱ ድሮ ነው። አሁን ሌላ የለኝም።" ከቦርሳዋ የልብስ ቁልፍ የምታስቀምጥባትን ትንሽ ቆርቆሮ አወጣች። ውስጧ ጥጥ ተነጥፏል። "ስሞት አብራኝ ትቀበር ብያለሁ። ለእህቴ ነግሬያታለሁ።"

ሚዛን የእንጨቱን ጫፍ ከሥር አስገብታ ቀስ ብላ አነሣችው። ጓንቷ መዳፍ ላይ በሙሉው አረፈ፤ ወይን ጠጅ፣ ጉብ ያለ፣ ነጭ ነጥቡ ከመሃል ፈቀቅ ያለ። ቆርቆሮው ተከፍቶ ይጠብቃል። ዝም ብትል ሁሉም ነገር እዚያው ያልቃል። እናት ትንሽ ነገር ይዛ ትሄዳለች፣ በጥጥ ሸፍና ታስቀምጣታለች፣ ማንም አያውቅም። ግን ልጅቱ መቃብሯ ውስጥ ሆና የሚዛንን ጥፋት ትሸከማለች። እናትም አስቸኮልኳት እያለች ራሷን ስትበላ ትኖራለች። ሚዛን ሁለቱን መዘነች፤ ሁለቱም ከበዷት። እዚህ ላይ ለሷ የሚሆን ጥሩ መንገድ አልነበረም።

"እትዬ፣ ይሄ የሷ አይደለም።"

"ምኑ?"

"ይሄ። የኔ ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ።"

እናት መነጽሯን አደረገች። ቁራጩን አየች፣ ሚዛንን አየች። "ምን እያልሽ ነው?"

ሚዛን ነገረቻት። ማሽኑን፣ ቁራጩ ብን ብሎ መሄዱን፣ በየሦስት ሳምንቱ እንደገና መሥራቷን፣ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት። "ቆዳዎን የነካው የኔ ጄል ነው" አለች። "የሷማ ጎድቶዎት አያውቅም። ማስቸኮልዎም ያመጣው ነገር የለም። ሐኪሙ ያለው ጀማሪ እኔ ነኝ። የሷን ለማስመሰል ብዬ ያደረግኩት ነው።"

እናት የተሰነጠቀች ጣቷን ወደ ዐይኗ አስጠግታ ተመለከተቻት።

"ስለዚህ ይሄም የሷ አይደለም" አለች። "ይሄም ያንቺ ነው።"

"አዎ።"

"የሰው እጅ አይጠፋኝም እል ነበር።" መነጽሯን አወለቀችና "መቼ ነው የሄደችው?" አለች።

"ፀጉር ሠሪዋ የቀለደች ቀን። እርስዎ እየሳቁ ነበር። ለዚያ ነው አፌ እምቢ ያለኝ።"

"እየሳቅኩ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ስትሄድ እየሳቅኩ ነበር በይኛ።" እናት ቆርቆሮዋን ከደነች፣ ባዶዋን። "መጀመሪያ ስትሄድ ሰው እየሮጠ መጥቶ ነገረኝ። ጎረቤት ደገፈኝ። ለሁለተኛው ቀብሯ ግን የጠራኝ የለም።"

ሚዛን ይቅርታ አላለችም፤ ቃሉ አንሶባት ነው።

"የት አደረግሻት?"

"ከወለሉ ላይ... ጠርጌ ደፋኋት።"

"የት?"

"ጓሮ።"

"አሳዪኝ።"

በማጠቢያው በኩል አለፉ። ፀጉር ሠሪዋ ልትቀልድ አፏን ከፍታ ፊታቸውን ስታይ ተወችው። ጓሮው ጠባብ ነው፤ እርጥብ ፎጣ ተሰጥቶበታል፣ የሻምፖ ባዶ ጀሪካን ተደርድሮበታል፣ ከግድግዳው ሥር በርሜሉ ቆሟል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስንት ጊዜ ተጭኖ ሄዷል፣ ስንት ጊዜ ተሞልቷል። እናት ክዳኑን ከፍታ አየች። ፀጉር፣ ጥጥና ፎይል ነው። መልሳ ከደነችውና ጀሪካን ገልብጣ አጠገቡ ተቀመጠች። ራቁታቸውን የቀሩትን ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ልጄ፣ ልጄ፣ ሳላይሽ፣ እኔ ስስቅ" እያለች ታለቅስ ጀመር።

ሚዛን በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ልትጠጋት ፈራች፣ ትታት ለመግባትም አቃታት። ከውስጥ ማዳም "ደንበኛሽ እየጠበቀችሽ ነው" ብላ ተጣራች። ሚዛን ጓንቷን ለማውለቅ ስትሞክር እናት ቀና ሳትል ተናገረች።

"አትግቢ። ነይ፣ እዚህ ቁጭ በይ።"

"እትዬ..."

"ይቅር ብዬሽ አይደለም። ይቅር የምልሽም አይመስለኝም። ግን ካንቺ ሌላ እዚህ የሚያውቃት የለም፤ ይሄንንም ለብቻዬ ልቅበራት?"

ሚዛን እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ከእናት እግር ሥር ተቀመጠች። መጀመሪያ እንባዋ በዝምታ ወረደ፣ ኋላ ድምፅ አወጣች። ሁለቱም በርሜሉን እያዩ ጥድፌን በስሟ እየጠሩ አለቀሷት። እናት ስታበቃ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፣ በጓሮው በር ወጣች፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳትላት ሄደች።